በአንድ ዓይን የተሣለው ሹም

ልጆች ሳለን ስንዋሽ አያቴ ተቆጥተውን አያውቁም። አንድ ዓይናችንን በመዳፋቸው ሸፍነው ዝም ብለው ያዩናል፤ እኛም ወዲያው እውነቱን እንዘረግፋለን። አያቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ግን በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይኑ ብቻ እንደሚሣል የጎጃም ልጅ ሁሉ ያውቃል።

ጣሊያን ግን አያውቅም ነበር። ቡሬ ላይ አዲስ የመንግሥት ቤት ሲሠራ የጣሊያኑ ሹም አያቴን አስጠራና በአስተርጓሚ፣ «እኔንና መኮንኖቼን፣ እህል ይዞ የሚገብርልንንም ሕዝብ ግድግዳው ላይ ሣል» አላቸው። እምቢ ማለት መገረፍ ነበር።

«እሺ ጌታዬ፤ ልክ እንደ ሆናችሁት አድርጌ ነው የምሥላችሁ» አሉ።

ቤቱ የተመረቀ ዕለት መጋረጃው ሲገለጥ እኔም ከሕዝቡ መሀል ነበርሁ። ገበሬዎቹ ሁሉ ባለ ሁለት ዓይን፣ ሹሙና መኮንኖቹ ባለ አንድ! ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ምን ሆነው ነው?» አለ ሹሙ።

አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው። ሥዕሉን አየ፣ አያቴን አየ።

«ደስ ብሏቸው ነው ጌታዬ» አለ።

ሹሙም በሥዕሉ ላይ አፍንጫው ቀጥ ብሎ ስለወጣለት ተደስቶ የአያቴን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

አያቴ ካረፉ አርባ ቀን ሞላ። ትናንት ለተስካራቸው የመጡ ዘመዶች «እንዴት ነሽ፣ ተጽናናሽ?» ሲሉኝ፣ «አዎ፣ ደኅና ነኝ» አልሁ።

ወዲያው የገዛ መዳፌ ተነሥቶ አንድ ዓይኔን ሸፈነ።