ሁዳዴ ላይ የሞላሁት ቅጽ

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ይባርካችሁ። እዚህ ራኩባ፣ የሣር ዳሳችን ሥር ከኋላ ተቀምጬ የሌላውን ምስክርነት ስሰማ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ዛሬ የራሴን ልናገር ፈልጌ ተነሣሁ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እንባ አትጠብቁብኝ። እያለቀሱ የሚመሰክሩትን እወዳቸዋለሁ፣ እኔ ግን ተፈጥሮዬ አይደለም። የሆነውን እንደሆነው እነግራችኋለሁ፣ ክብሩን ጌታ ይውሰድ።

በረሃቡ ዓመት ካርቱም የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከመተማ በኩል ከአባቴ ጋር ተሰድጄ ገዳሪፍ ያደግሁ ልጅ ነኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ ጸሎት የሚባል ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አምላኬ በማዕረግ መመረቅ ነበር። ለዚያ ደግሞ ከመደበኛው ትምህርት ሌላ የራስህን ጥናት ሠርተህ ማቅረብ አለብህ። ስድስት ትምህርት፣ በየጊዜው ፈተና፣ በዚያ ላይ ጥናት። ከካርቱም ገዳሪፍ በአውቶቡስ፣ ከገዳሪፍ ወደ ስደተኞቹ ሰፈር ወደ ወድ ኤል ሒለው በሎሪ ስመላለስ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አጠና ነበር። አቧራው ግን አያስነብብም።

ጥናቴ ስለ ዱቄት ወተት ነበር። ከጎንደር በኩል ረሃብ ላባረራቸው ሰዎች አንድ የእርዳታ ቢሮ ወተት ያድላል። ሰዉ ይጠቀምበታል ወይስ አይጠቀምበትም የሚለውን ቤት ለቤት እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ቢሮው ትራንስፖርቴን ቻለልኝ፣ እኔም ውጤቱን ልሰጣቸው ተስማማን።

በሁለት ፈተና መካከል ሦስት ቀን አገኘሁና ወድ ኤል ሒለው ሄድኩ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ወተቱን ትጠቀሙበታላችሁ ወይ ስላቸው፣ "ኧረ አንነካውም" ይሉኛል። አስካል የምትባል አንዲት ሴት ሕፃን እንዳዘለች ወደ ጥጉ አመለከተችኝ። ወተቱ እንደታሰረ ተቀምጧል።

"ወንድም ዓለም፣ ሁዳዴ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። "ትልልቆቹ እንደኛ ይጾማሉ፣ ይቺ ገና ትጠባለች። ጡቴ ግን እየነጠፈ ነው። ጾሙ ሲፈታ በሱ ነው የማሳድጋት።"

ቅጹ ላይ ያለው ሣጥን ሁለት ነው፤ ይጠቀማል፣ አይጠቀምም። ከሥሩ "ምክንያት" የሚል ባዶ መስመር አለ። ሎሪው ሊነሣ ጥሩምባውን ይነፋል። "አይጠቀምም" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁና መስመሩን ባዶ ተውኩት። በየቤቱ እንዲሁ አደረግሁ። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ የጎንደር ልጅ ሁዳዴን እንዴት ያጣዋል? ምክንያቱን ከጻፍኩ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ጠይቅ ይሉኛል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የመጨረሻው ፈተና አለብኝ።

ካርቱም ተመልሼ ማጠቃለያውን ጻፍኩ። "ይህ ሕዝብ ወተት የመጠጣት ልማድ የለውም" አልኩ። እስቲ ይታያችሁ፣ ላም ሲያልብ የኖረውን የጎንደር ገበሬ ወተት አያውቅም ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ሱዳናዊ ነው፣ የእኛን ጾም ከየት ያውቃል? አንብቦ "ሙምታዝ" አለኝ፣ እጅግ ጥሩ ማለቱ ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

በሕማማት ሳምንት አንዱን ቅጂ ለቢሮው ላደርስ ገዳሪፍ መጣሁ። ኃላፊው ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ "ጥሩ፤ እንግዲያው ወተቱን ወደ ሌላ ሰፈር እናዞረዋለን" አለ።

ያረፍኩት እትዬ ዘነበች ቤት ነበር። ብዙዎቻችሁ አታውቋቸውም፣ ዛሬ ጌታ ዘንድ ናቸው። ክሊኒክ ቁስል እያጠቡ የሚኖሩ፣ ጌታን የሚያምኑ ሴት ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት እየላጡ ምን እንደጻፍኩ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ኃላፊው ያለውንም ጭምር። ቢላዋውን አስቀመጡ።

"ፋሲካ ሲመጣስ?" አሉኝ።

"መጀመሪያ ልመረቅ፣ ከዚያ አስተካክለዋለሁ" አልኩ።

"አንተስ ትጠብቃለህ። የሕፃን ሆድ ይጠብቃል?"

አልተቆጡኝም። ልጸልይልህ አሉኝ፣ እንደፈለጉ አልኩ። "ጌታ ሆይ፣ ይህ ልጅ ማዕረግ ሲፈልግ ደክሞታል። አንተ እንዲሁ እንደምትቀበለው ንገረው" ብለው ጸለዩ። ብርሃን አላየሁም፣ አልወደቅሁምም። ሳይፈትነኝ የሚወደኝ እንዳለ ግን ያን ቀን ገባኝ። "ዋሽቻለሁ" አልኩ፣ ለእሳቸው ሳይሆን ለጌታ። ከዚያ የጸሎታቸውን ቃል እየተከተልኩ ጌታ ኢየሱስን ተቀበልኩ። ዓይኔ ቀልቶ ነበር፤ ሽንኩርቱ ነው። ሃሌሉያ፣ ስሙ ይባረክ።

በማግስቱ ቢሮ ብሄድ ኃላፊው ፖርት ሱዳን ሄዷል። ጸሐፊው፣ "ማዓሌሽ፣ ይቅርታ፣ ትእዛዙ ወጥቷል። ጥናቱ ስህተት ነው የሚል ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው ካላመጣህ አንመልሰውም" አለኝ። ካርቱም ተመለስኩ።

አማካሪዬ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "ጥናቱን ካነሣኸው ማዕረጉ ቀረ፤ እንደገና ለመሥራት ጊዜ የለህም። ገብቶሃል?" አለኝ።

"ገብቶኛል፣ ኡስታዝ።"

"ወላሂ፣ እብድ ነህ" አለና ደብዳቤውን ፈረመልኝ።

ደብዳቤው ደረሰ፣ ወተቱም ተመለሰ፤ ጌታ ይመስገን። ነገር ግን ዘገየ። ፋሲካ አልፎ ወተቱ ሳይመጣ የከረመበት ጊዜ አለ። በዚያ መካከል የትኛው ቤት ምን እንደደረሰበት ማንም አልመዘገበም፣ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም። ጌታ ይቅር ብሎኛል፣ በዚህ አልጠራጠርም። ይህን አለማወቄን ግን አልወሰደልኝም፣ እኔም ውሰድልኝ አላልኩትም።

ያለ ማዕረግ ተመርቄ በመጣሁ ጊዜ አስካል ቤት ሄድኩ። "የነገርሽኝን አልጻፍኩም፣ ወተቱ የዘገየው በእኔ ነው" አልኳት።

"ነግሬህ ነበር እኮ" አለች።

ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ፣ "በል ያዝልኝ፣ ውሃ ላምጣና ወተቱን ልበጥብጥላት" ብላ እጄ ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ክብደት የላትም። እስክትመለስ ድረስ ሳልነቃነቅ ቆምኩ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ለቆምኩበት ጸጋ ጌታን አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ እውነቱን ብናገር ይቀርብኛል ብሎ የሚፈራ ካለ፣ አላታልልህም፣ ይቀርብሃል። እኔም ቀርቶብኛል። ጌታን ግን አመንኩት፣ አላሳፈረኝም። አንተም እመነውና ዛሬውኑ ሂድ፤ ቃልህን የሚጠብቅ ሰው አለ።