የካሰች ዝንቦች

ወሬውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ራሴ ብናገር ይሻላል። ስሜ ይርጋ ነው፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሳይንስ ማስተማሬን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ስትታዘቡኝ ያስፈልጋችኋል።

ካሰች በግቢዬ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የልጄ የገነት አብሮ አደግ ናት። ስምንት ዓመት ቤሩት በሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ ሌላው ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ እንደሚያመጣው እሷ አንድ ረጅም ቱቦና አንዲት ትንሽ ሞርሳ ይዛ መጣች። ጋራዥ ውስጥ ብረት ጠርንፎ የሚይዘውን ሞርሳ ታውቁታላችሁ፤ የእሷዋ የዚያ የልጅ ልጅ ነበረች።

ቀኑን ሙሉ በሩን ገርበብ አድርጋ ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ ትውላለች። ምን እንደምትሠራ ለመጠየቅ ኩራቴ አልፈቀደልኝም። ስለዚህ አጮልቄ አየሁ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ትንሽ መንጠቆ ሞርሳው ላይ ታጠብቃለች። የዶሮ የአንገት ላባ ትጠቀልልበታለች። ቀይ ክር በጧፍ ሰም አሽታ ታዞርበታለች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሰባቴ። ከዚያ እፍ ትልበትና ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ቡሽ ላይ ትሰካዋለች። እንዲህ ያለው ነገር ግድግዳው ላይ ሁለት መቶ ይሆናል።

ይኼም ባልከፋ። ቅዳሜ ገበያ ዶሮ ስትገዛ አየኋት። ዶሮ የሚገዛ ሰው ከፍ አድርጎ ይመዝናል፣ ደረቱን ይዳብሳል፣ ከሻጩ ጋር ይጨቃጨቃል። እሷ የአንገቱን ላባ ገልጣ በፀሐይ ታያለች። ቀዩን ተወችው፣ ነጩን ተወችው፣ በመጨረሻ ገብስማውን አነሣችና ሳትከራከር ከፈለች። በእኛ አገር ገብስማ ዶሮ መርጦ ሳይከራከር የሚገዛን ሰው ማን እንደላከው ለማወቅ መማር አያስፈልግም። የሚያዝዘው ቃልቻ ነው። ሻጩ እንኳ ብሩን ሲቀበል አማተበ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «የራሷ ጉዳይ» ብዬ አልፈው ነበር። ነገር ግን ገነት ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያ ቀኑ እየደረሰ ነው፤ ልጅቷን ክርስትና የምታነሣት ደግሞ ካሰች ናት። ነጭ ቀሚስ አሰፍታለች፣ የልጅቷን ማተብ በገዛ እጇ ገምዳለች፣ ቀን ትቆጥራለች። የልጅ ልጄንማ ለመተተኛ አላስታቅፍም አልኩና የንስሐ አባታችን ቄስ መልካሙ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ትንሽም ጨመርኩበት። «እፍ ትልበታለች» የሚለውን «እያነበነበች እፍ ትልበታለች» አደረግሁት።

ቄስ መልካሙ ቸኩለው የሚፈርዱ ሰው አይደሉም። ማን እንደነገራቸው ሳያወጡ ካሰችን አስጠሩና እኔም እንደ አያትነቴ በተቀመጥኩበት ጠየቋት።

«ዝንብ ነው የምሠራው አባ» አለች።

«ዝንብ?»

«የዓሣ ማጥመጃ ነው። ዓሣው የእውነት ዝንብ መስሎት ይጎርሰዋል።»

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ወደ ጣሪያው ዞርኩ። አገራችን መቼ ዝንብ አጥቶ ያውቃል? እንኳን በእጅ ሠርተንለት!

ካሰች አስረዳች። አሠሪዋ ጡረታ የወጡ ሐኪም ነበሩ፤ ወንዝ ወርደው ዓሣ ማጥመድ ነፍሳቸው ነው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዝንቡን እሷ ትሠራላቸው ጀመር፤ ስትሰናበታቸው ሞርሳውንና ዘንጉን ሰጧት። አሁን ደግሞ ባሕር ዳር ዓሣ አጥማጅ እንግዶችን ወንዝ ለወንዝ የሚያዞር ሰው በደርዘን ይወስድላታል።

«ገብስማውስ?» አልኩ፣ አላስችል ብሎኝ።

«ነጭና ጥቁሩ ስለሚቀላቀል ውሃ ውስጥ ሲገባ ሕይወት ያለው ይመስላል፣ ጋሼ። ሥጋውን ወጥ እሠራዋለሁ። ባለፈው እሑድ እርስዎም በልተዋል።»

በልቻለሁ። ፈረሰኛውን ለእኔ ነበር ያወጣችልኝ።

ቄስ መልካሙ ጢማቸውን አሹ። «ስሚ ልጄ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ በዓይኔ ሳላይ ልጅ አላስታቅፍሽም። ክርስትናው እሑድ ነው። ሐሙስ ወንዝ እንወርድና ዓሣው ሲበላ አሳዪኝ።»

የካሰች ፊት አመድ መሰለ። «አባ፣ ዓሣ እኮ ሁልጊዜ አይበላም። እምቢ ቢለኝስ?»

«ሐሙስ» አሉና ተነሡ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስታችን በሚኒባስ ወርደን ጉማራ ወንዝ ዳር ቆምን። ጥቅምት ስለሆነ የክረምቱ ድፍርስ አልፎ ውሃው ጠርቷል። ካሰች ከቱቦው አራት ቁራጭ ዘንግ አውጥታ አንዱን በአንዱ ሰካካችው። ቄሱ መቋሚያቸውን አጠገቡ አቁመው ለኩ። ዘንጉ በለጠ፤ ይኼ ደስ አላላቸውም።

«ይኼ ቀጭን ነገር ዓሣ ይችላል?»

«የደረቀ ዘንግ ክር ያስበጥሳል አባ። የሚለመጠው ነው ዓሣ የሚያደክመው» አለች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃ ገባችና ድንጋይ ገለበጠች። ከሥሩ የተጣበቀ ቡናማ ትል እያሳየችን «ዝንብ ክንፍ ሳያወጣ እንዲህ ነው፤ ዓሣው ዛሬ የሚበላው ይኼን ነው» ብላ ከሳጥኗ ውስጥ ቁርጥ እሱን የሚመስል መረጠች። ሁለቱን ለመለየት መነጽሬን አወጣሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ስለ ነፍሳት አስተምሬ አንድ ቀን ድንጋይ ገልብጬ አላውቅም።

አንድ ሰዓት ሙሉ ወረወረች። ምንም የለም። ሌላ ዝንብ ቀየረች፤ ምንም የለም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ይኸው ማነብነብ ጀመረች» ብዬ ጠጋ ስል «እመቤቴ ማርያም፣ አንዲት ብቻ» ትላለች። ወደ ኋላዬ ተመለስኩ።

ያን ጊዜ ዘንጉ ጎበጠ። ካሰች ሳትጮህ፣ ሳትጎትት፣ እያላላችና እየሰበሰበች ክንድ የሚያህል ዓሣ ወደ ዳር አመጣች። ቄሱ «እግዚኦ!» አሉ። እሷ ጎንበስ አለችና መንጠቆውን ከአፉ ፈልቅቃ ዓሣውን ለቀቀችው።

«አላልኩዎትም አባ!» ብዬ ጮህኩ። «ዓሣ ይዞ የሚለቅ ጤነኛ አለ? ለውሃው ገበረች እኮ!»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ራሴን እንዳጋለጥኩ የገባኝ። ካሰች አየችኝ። ወደ ቄሱ ዞራ «ልትወልድ ከጣና የወጣች ናት አባ፤ ሆዷ በዕንቁላል ሞልቷል» አለች።

«ዝም በል አንተ ይርጋ» አሉ ቄሱ። ዓይናቸው ከዘንጉ አልተነቀለም። «እስቲ ለእኔ አቀብዪኝ።»

ደብረ ታቦር ተወልዶ ቡሄ ላይ ጅራፍ ሳያጮህ ያደገ ወንድ የለም። ቄስ መልካሙ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ጣል አድርገው ዘንጉን ከራሳቸው በላይ አዞሩና ክሩን ለቀቁት። ጧ! አለ፤ ከብት የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩ። ፊታቸው በራ። ካሰች ግን ዓይኗን ጨፈነች፤ እንደዚያ ሲጮህ ዝንቡ ተበጥሶ ይቀራል። የአንዱ ሥራ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

«አባ፣ ሳይጮህ ነው የሚወረወረው።»

«ካልጮኸ ምኑን ተወረወረ?»

ሦስት ዝንብ አስጩኸው በጠሱ። በአራተኛው ካሰች ዘዴ አገኘች። «ወደ ኋላ ሲጥሉት ‹በስመ አብ› ይበሉ፤ እስኪጨርሱ ክሩ ይዘረጋል። ከዚያ ‹ወወልድ› ብለው ወደ ፊት።»

በስመ አብ። ወወልድ። ክሩ አየር ላይ ተዘረጋና ዝንቡ ውሃው ላይ ቀስ ብሎ አረፈ። ወመንፈስ ቅዱስ ላይ ሳይደርሱ ዓሣው ጎረሰ።

«ያዘኝ!» ብለው ጮኹ ቄሱ። «ያላሉለት አባ!» ትላለች ካሰች፤ እሳቸው ግን እንቢተኛ በሬ እንደሚጎትት ሰው ተረከዛቸውን ተክለው ጎተቱ። አንሸራተታቸውና ውሃ ውስጥ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ክሩ ተበጠሰ፤ ዓሣው ዝንቡን ይዞ ሄደ። ጋቢያቸው ዙሪያቸውን ተንሳፈፈ።

ካሰች የሚቀጥለው ቃላቸው ምን እንደሚወስንባት አውቃ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆማለች። ቄስ መልካሙ እዚያው እንደተቀመጡ ዓሣው የሄደበትን አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ አዩ።

«መተት አይደለም» አሉ በመጨረሻ፣ ተናደው። «መተት ቢሆን ኖሮ አያመልጠኝም ነበር።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «እሑድ በጊዜ ነዪ፣ ልጅሽን ትቀበያለሽ። ሌላ ዝንብ የለም?»

ካሰች ሳጥኑን ሰጥታቸው ሣር ላይ ተቀመጠችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሚጠይቀኝ ባይኖርም መናገር ነበረብኝ።

«ለአባ የተናገርኩብሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ ጋሼ። ዛሬ አይደለም ያወቅሁት፤ በበሩ ሲያጮልቁ ጥላዎ ጠረጴዛዬ ላይ ይወድቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ? ብትሰድቢኝ ይሻል ነበር።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ቤሩት ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ። አጥቤ፣ አጉርሼ፣ አስተኝቼ። ስመለስ አንዳቸውንም የእኔ ናቸው ማለት አልቻልኩም። እርስዎ ደግሞ የልጅቷ አያት ነዎት። ባስቀይምዎት ይቺንም እንዳያስከለክሉኝ ፈራሁ።»

ስልሳ ሰባት ዓመት ስኖር እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ይቅርታ በማለት ፈንታ የዘንጉን ቱቦ ከሣሩ አንሥቼ አቧራውን ጠረግሁ። ቄሱ ወንዙ ውስጥ «በስመ አብ» ይላሉ።

እሑድ ልጅቷ ክርስትና ተነሣች። ቄስ መልካሙ ከውሃው አውጥተው ለካሰች ሲሰጧት ልጅቷ አገር ይያዝልኝ ብላ ታለቅሳለች፤ ካሰች እቅፍ ስታደርጋት ዝም አለች። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ መንገዱ ዳገት ነውና ይደክማታል ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«አምጪ፣ እስቲ እኔ ደግሞ ልያዛት» አልኩ።

«ዛሬስ አልሰጥም ጋሼ» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር።

እኔም ዣንጥላውን ዘርግቼላቸው ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ።