ኤረር ሲመጣ ተነሥ

ናይሮቢ መሃል ከተማ በሚገኝ አንድ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ በጽዳት ሠራተኛነት የገባሁ ቀን፣ ኃላፊው ቁልፉን እየሰጠኝ «ማማ፣ ኮምፒዩተሮቹን በእርጥብ ጨርቅ እንዳትነኪ» አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልተሰጠኝም። ያን ጊዜ የልጅ ልጆች ነበሩኝ፤ ትምህርቴ ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው።

ለሁለት ተማሪ አንድ ኮምፒዩተር ነበር። ኪቦርዱ ላይ ያለው እጅ ግን ሁልጊዜ የአንዱ ነው፤ ሌላው እንደ ቴሌቪዥን ያያል። ኃላፊውን ነዘነዝኩት። «እንግዲያው አንቺ ተቆጣጠሪያቸው» ብሎ የላብራቶሪ ጠባቂ አደረገኝ። መጥረጊያው ግን አልቀረልኝም።

ሐያት፣ ኢስትሊ በሚባለው የንግድ ሰፈር ጨርቅ የሚነግድ ሰው ልጅ ናት። አባቷ «የፕሮግራም ፈተናውን ካላለፍሽ ሱቅ ትገቢያለሽ» ብሏታል። አጠገቧ የሚቀመጠው ዳዊት እዚሁ ናይሮቢ ያደገ ነው፤ ጣቱም ምላሱም ፈጣን።

ደንብ አወጣሁ፦ የጻፋችሁት ፕሮግራም ሲሠራ ቦታ ትቀያየራላችሁ። ሳምንት ሙሉ ዳዊት ከወንበሩ አልተነሣም።

«አንተ፣ ተነሥላት እንጂ!»

«እማማ፣ ስቲል ኤረር አለው። ሲሠራ ነው ያሉት፤ ሩሉ የእርስዎ ነው።» ገና ስሕተት አለው ማለቱ ነው።

እውነቱን ይሁን እያታለለኝ መለየት አቃተኝ። በጣም ተናደድኩ። ካማው የሚባለውን መምህር «ይህን ፓይተን የምትሉትን የፕሮግራም ቋንቋ ከሀ ጀምረህ አስተምረኝ» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አስተማረኝ።

ለአንድ ቁጥር ስም ትሰጪዋለሽ፤ ስሙን ስትጠሪ ቁጥሩን ይሰጥሻል። ገባኝ። «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ያንን» የሚለውም ገባኝ፤ ልጅ ያሳደገ ሰው አይከብደውም። ያንገበገበኝ አንድን ትእዛዝ ማስደጋገሙ ነው። ከአንድ እስከ አሥር ቁጠር ብዬ ጻፍኩ። አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ ስክሪኑን ሞላው።

«ምን ነካው ይህ ግትር!»

«ማማ፣ በየዙሩ አንድ እንዲጨምር አላዘዝሽውም። ያላዘዝሽውን አያደርግም» አለኝ ካማው።

«ምን ዓይነት ሰነፍ ነው!»

በማግሥቱ የዳዊትን ስክሪን አየሁ። አንድ፣ አንድ፣ አንድ። የምትጨምረው መስመር የለችም።

«የታለች?»

«ረሳኋት።»

ሐያት ብድግ አለች። «አልረሳትም፣ እማማ። እርስዎ ሲመጡ ያጠፋታል።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«ነግሬስ? መልሼ ከእሱ ጋር ነው የምቀመጠው።»

ላባርረው ነበር። ግን ማዘግየት እንደሚጠቅም ያስተማረው የኔው ደንብ ነው። ገለበጥኩት፦ ፕሮግራሙ እምቢ ሲል የተቀመጠው ይነሣል፣ ሌላው ያስተካክላል።

«አንፌር!» አለ ዳዊት።

«ስታጠፋት ፌር ነበር?»

የመጀመሪያ ቀናት ሐያት የተበላሸ ፕሮግራም ፊት ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። እኔም አብሬያት እንጨረጨራለሁ። ቀስ በቀስ ስሕተት መፈለግ ለመደች። የራሷ ሲበላሽ ትነሣለች፤ ዳዊት ይቀመጣል። እሱም ከመቸኮል ታቀበ።

በፈተናው ቀን ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ኮምፒዩተር ተሰጠ። የሐያት ፕሮግራም እምቢ አለ። ልጅቷ ከልማድ ብድግ አለች!

«ቁጭ በይ! ዛሬ የብቻሽ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ፈታኙ ከክፍል አስወጣኝ። በበሩ መስታወት ሳያት ተቀምጣ መስመሮቹን አንድ በአንድ እየፈተሸች ነበር። አለፈች። ትምህርቷንም ቀጠለች፤ አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ሱቅ ይወስዳታል።

ሥራውን እስክለቅ ድረስ ያንን ደንብ አልቀየርኩም። ፕሮግራም መጻፍ የሚለመደው በራስ እጅ ተሳስቶ በራስ እጅ በማረም ነው። አጠገብ ተቀምጦ ማየት ትምህርት አይደለም።