ዝናብ የማይፈራ ለፋፊ

ከእድራችን ሰዎች ሁሉ በጣም የሚወደዱት ጥሩምባ ነፊያችን ነበሩ። የሚወደዱትም ድምፃቸው ስለደከመ ነበር።

ይህን ለቀልድ አልልም። ቢቸና ውስጥ ሰው ሲሞት እኚህ ሽማግሌ ማልደው ጥሩምባቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ይነፋሉ፣ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራሉ፣ ወደሚቀጥለው ሰፈር ያልፋሉ። ሰምቶ የቀረ አባል ይቀጣል። ያልሰማ ግን ምን ይደረጋል? ያልሰማን እግዜርም አይቀጣ። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር እኛም ብርድ ልብሳችንን እስከ ጆሯችን እንስባለን። ሽማግሌው በራችን ላይ ቆመው ሲያስሉ እየሰማን፣ ከቀብር በኋላ «ወይኔ! ማን ነግሮኝ?» ብለን እንምላለን። እንዲህ ያለውን ነፃነት የሚሰጥ ሕገ መንግሥት እስካሁን አላየሁም።

ነገሩ የተበላሸው የእድሩ ዳኛ አማታቸውን ሐምሌ ላይ የቀበሩ ጊዜ ነው። የተገኘው ለቀስተኛ ከካህናቱ ብዙም አይበልጥም ነበር። ዳኛው ጡረታ የወጡ የወረዳ ኃላፊ ናቸው፤ ለስብሰባ ሰው ጠርተው ማጣት ለምደዋል፣ ለቀብር ግን አልለመዱም። ሰልስቱ እንዳለፈ ሰበሰቡንና «ችግራችን የመረጃ ክፍተት ነው» አሉ። «ክፍተቱን በቴክኖሎጂ እንሞላዋለን። ልጄ በስልኩ አሳይቶኛል፤ ውኃ ውስጥ ቢከቱት የሚዘፍን፣ ከገደል ቢጥሉት የሚዘፍን ስፒከር አለ። ባለ ብሉቱዝ ነው። እንግዲህ አልሰማሁም ብሎ ነገር የለም።»

ሁላችንም አጨበጨብን። ልባችን እያለቀሰ ማጨብጨብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጭብጨባው ሲያበቃ ግን አስተያየቱ ጎረፈ። አንዱ «ድምፁ መጠነኛ ቢሆን፣ ሕፃናት ይደነግጣሉ» አሉ፤ ልጆቻቸውን ሁሉ ድረው የጨረሱ ሰው ናቸው። ሌላው «ውኃ የማያስገባው ዋጋው ይንራል፤ ተራውን ገዝተን ዝናቡ ሲያባራ ቢነገርስ?» አሉ። አንዲት ሴት ባትሪው ቶሎ የሚያልቅ ቢሆን ለመብራት ቁጠባ ይጠቅማል አለች። ዳኛው ሁሉንም በጥሞና ሰሙና ሁሉንም ውድቅ አደረጉ።

ጥሩምባ ነፊው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። እሳቸው ከእኛ ሁሉ የሚለዩበት ነገር ነበራቸው፤ መዋጮ አይከፍሉም። አባልነታቸው በትንፋሻቸው ነበር። ልጅ የላቸውም፤ ያለቻቸው አንዲት ሚስት ናት፣ እሷም አልጋ ከያዘች ቆይታለች። ይህን ስብሰባው ላይ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ለግዢው ኮሚቴ ተመረጠ። ዳኛው ስለ ሥልጣናቸው፣ እኔ ፊዚክስ ስለማስተምር፣ ሦስተኛው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን በቅሎ ሲነግዱ የኖሩ አዛውንት፣ ገበያ ላይ ተታለው ስለማያውቁ። የቢቸና ሱቆች ያሉት የቲማቲም ጣሳ የምታህለው ስፒከር ብቻ ስለሆነ ሞጣ ሂዱ ተባልን። መንገዱ ክፍት የሆነበትን ሳምንት ጠብቀን፣ በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን አድርገን፣ ጉልበታችን አገጫችንን እየመታ በሚኒባስ ደረስን።

የሞጣው ባለሱቅ አባቱም አያቱም እዚያው ገበያ ላይ ሲነግዱ የኖሩ ሙስሊም ነው። ከሶላት ገና መመለሱ ነበር፤ ወንበር ሰጠን፣ ውኃ አቀረበልንና የተለያዩ ስፒከሮች ደረደረ። እኔ ስለ ባትሪው፣ ስለ ድምፁ ጉልበት፣ ካርቶኑ ላይ ስለተጻፉት ቁጥሮች የምጠይቀውን አዘጋጅቼ ነበር። በቅሎ ነጋዴው ቀደሙኝ።

«ከማን እጅ የወጣ ነው?» አሉ።

«ከካርቶኑ ነው፣ አባቴ። አዲስ ነው።»

«ማንም አልሞከረውም በለኛ!»

አዛውንቱ አንዱን ስፒከር አንስተው በእጃቸው መዘኑት። ሆዱን በጣታቸው አንኳኩ። ቻርጅ የሚደረግበትን ቀዳዳ የምትሸፍነውን ጎማ ገልጠው እንደ በቅሎ ጥርስ ትክ ብለው አዩ። ከዚያ እየዘፈነ እንዳለ ወደ በረንዳው ይዘውት ወጡና ሲሚንቶው ላይ ለቀቁት። ዘፈኑ አልተቋረጠም። «እግሩስ ደህና ነው» አሉና መልሰው አስቀመጡት።

ባለሱቁ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ወደደው። «ይህንንም እዩልኝ» ብሎ ስፒከሩን ውኃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ከተተው። ዘፋኙ ከባልዲው ሥር ውኃ እየተጉመጠመጠ እንደሚዘፍን ሰው ቀጠለ፤ ሲወጣም እንደነበረ ነው። ዳኛው አማተቡ።

ቀለም መምረጡ ሌላ ጣጣ አመጣ። ጥቁር አልቆ ነበር፤ የቀሩት ቀይና የወታደር ልብስ የሚመስል ዝንጉርጉር ናቸው። ዳኛው ዝንጉርጉሩን ለግርማው ወደዱት። እኔ ዘንድሮ የወታደር ልብስ የሚመስል ዕቃ ታቅፎ ከሞጣ ቢቸና መሄድ ከሁለቱም ወገን ለጥያቄ እንደሚያጋልጥ በለሆሳስ አስረዳኋቸው። ወዲያው ቀዩ አማራቸው።

«ለሠርግ ነው?» አለ ባለሱቁ።

«ለሞት ነው። ለፋፊ ልናደርገው» አሉት ዳኛው።

«እኛ ዘንድ እንኳ ሰው ሲሞት የሚሄደው ሰው ነው» አለና፣ ነጋዴ ነውና ገበያውን እንዳያበላሽ ቶሎ ጨመረበት፤ «ግን ጎበዝ ዕቃ ነው። ባለፈው የወሰደልኝ የአይጥ መርዝ የሚሸጥ ሰው እስከ ዛሬ ይመርቀኛል።» እኛም ይህን እንደ ጥሩ ምስክርነት ቆጠርነው።

ክፍያው ሲደርስ በቅሎ ነጋዴው «ዋስ ጥራ» አሉ። ባለሱቁ የጋራንቲ ወረቀት አሳያቸው። «ወረቀቱ ሲታመም የማን ደጅ ልሂድ?» አሉት። የገበያ ልጅ ስለሆነ ነገሩ ገባው፤ ከጎረቤት ልብስ ሰፊውን ጠራና ሰውየው መርፌውን ደረቱ ላይ ሰክቶ መጥቶ፣ ስፒከሩ የተሰረቀ እንዳልሆነና የተደበቀ ነውር እንደሌለበት በአዛውንቱ መዳፍ ላይ መዳፉን መትቶ ዋስ ሆነ። የቁጥሮቹ ነገር ማንም ጆሮ ሳይደርስ ግዢው አለቀ።

የተደበቀ ነውር ነበረበት። ቢቸና ደርሰን አዳራሹ ውስጥ ስንከፍተው መጀመሪያ አንዲት የፈረንጅ ሴት በእንግሊዝኛ ለመገናኘት ዝግጁ መሆኗን አበሰረች። ቀጥሎ በዙሪያው አረንጓዴ፣ ሐምራዊና ቢጫ መብራት ይሽከረከር ጀመር። ዳኛው «ሴትዮዋን አስወጣልኝ፣ መምህር» አሉኝ። ሞከርኩ፤ ሴትዮዋ ሳትናገር ስፒከሩ አይናገርም። መብራቱን ግን በጥቁር ጨርቅ ጠቀለልነው። ዳኛው በበኩላቸው መርዶው እንዲያምር መግቢያው ላይ ዋሽንት ይግባበት አሉና ገባበት።

ጥሩምባ ነፊው በክብር ተሰናበቱ። የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው፤ ጥሩምባቸው «ለታሪክ እንዲቀመጥ» ተብሎ ዳኛው ሳሎን ግድግዳ ላይ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቀለ። ስለ አባልነታቸው ቃለ ጉባኤው ላይ «በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል» የሚል ሰፈረ። ሽማግሌው በማግስቱ ከቤቴ ስወጣ መንገድ ላይ ጠብቀው አገኙኝ። ወረቀቱን አጣጥፈው በኪሳቸው ይዘውት ነበር።

«መምህር፣ እንግዲህ እኔ አባል ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

«በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል፣ አባባ።»

«እኔስ ግድ የለኝም፤ ውሻም ይጎትተኝ። እሷ ናት የምታሳስበኝ። እኔ ሳልሞት እሷ ትቅደም ብዬ ነበር ስለቴ። ሌላ ዘመድ የላትም፤ እኔ ካለሁ ሰው ጠርቼ በወጉ አስቀብራታለሁ ብዬ ነው። አሁን በምን አፌ እጠራለሁ?»

አንጀቴን በሉት። ቢሆንም የኮሚቴ ሰው ነኝና ጉዳዩ በሚመለከተው አካል እየታየ መሆኑን ነገርኳቸው። እንዲህ ያለውን አነጋገር ከየት እንደተማርኩት አላውቅም፤ እንደ ጉንፋን ከስብሰባ የሚይዝ ነገር ነው።

የሚቀጥለው ስብሰባ አልደረሰም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ስለታቸው ሰመረላቸውና ሚስታቸው አረፈች። ዳኛው «በልዩ ሁኔታ» በእድሩ እንድትቀበር ፈቀዱ፤ ያን ዕለት ውጭ ያለው ዶፍ ስለሆነ መርዶውን አልጋቸው ላይ ሆነው በስልካቸው ቀድተው በቴሌግራም ላኩልኝ። እኔም ቀዩን ስፒከር በጥቁር ጨርቅ እንደተጠቀለለ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ዝናቡ ውስጥ ገባሁ።

ዕቃው አላሳፈረም። ልብስ ሰፊው ዋስ የሆነበት ሁሉ እውነት ነበር፤ ውኃው ከላዩ ላይ እየወረደ ድምፁ ከቅያስ ቅያስ ይሰማል። ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ ዋሽንቱ ይከተላል፣ ከዚያ ዳኛው እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ውድ የእድራችን አባላት!» ይላሉ። መንደሩን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። አንድም በር አልተከፈተም። በመጨረሻ አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ በጥድፊያ ወደ እኔ መጣችና ብር ዘረጋችልኝ።

«የአይጥ ነው የትኋን?» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። ቢቸና ውስጥ ደጅ ለደጅ እየዞረ የሚጮህ ስፒከር አንድ ነገር ሊሸጥ እንጂ ሌላ ሥራ ኖሮት አያውቅም። ሁሉም ሰምቷል፤ ሰምቶ «መርዝ ሻጩ መጣ» ብሎ ተገልብጦ ተኝቷል። ለሴትዮዋ የሞተ ሰው እንዳለ ልነግራት ስል ዳኛው እንደገና «ውድ የእድራችን አባላት!» አሉብኝና «ሲረክስ እወስዳለሁ» ብላ ገባች።

ወደ ለቅሶው ቤት ስመለስ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ከሥሩ ያሉት በቅሎ ነጋዴውና ጥቂት የግቢው ጎረቤቶች ብቻ ናቸው። ባዶዎቹ አግዳሚዎች ላይ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። ሽማግሌው ከሬሳው አጠገብ ተነስተው ወደ በሩ መጡና አሻግረው አዩ።

«ሰው የለም?» አሉኝ።

«ተነግሯል፣ አባባ። ሁሉም ቤት ደርሷል።»

«ምን ተብሎ ነው የተነገረው?»

በቃሌ ልነግራቸው አፈርኩና ከፈትኩላቸው። ለቀባሪው አረዱት ይባላል፤ እኔ ለባልየው፣ ለዚያውም በዋሽንት ታጅቤ አረዳሁ። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው ፈረንጇንም፣ ዋሽንቱንም፣ ዳኛውንም እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያበቃ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ዝናቡ ወጡ።

«ኧረ ተው!» አሉ በቅሎ ነጋዴው እየተከተሏቸው። «ሐዘንተኛ የራሱን ሙት አይለፍፍም! ነውር ነው!»

አልተመለሱም። እኔም ስፒከሩን አጥፍቼ ተከተልኳቸው። የመጀመሪያው አጥር ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ጥሩምባ የለ፣ ትንፋሽም የለ። ድምፃቸው ከጉሮሯቸው እየተሰነጣጠቀ ነበር የሚወጣው።

«ሚስቴ ሞታለች!» አሉ። «ቀብሯ በስድስት ሰዓት ነው። አባልነቴ ገና አልተወሰነም፤ መቅረት አያስቀጣም። የቻለ ይቅበርልኝ!»

ዝናቡ እንደዚያው ይወርዳል፤ ቆርቆሮው እንደዚያው ይደበደባል። በሩ ግን ተከፈተ። የሚቀጥለውም ተከፈተ። የአይጥ መርዝ የጠየቀችኝ ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየመታች ወጣች። ወንዶቹ ጋቢያቸውን እንደደረቡ፣ አንዳንዱ ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ እየወጣ ወደ ድንኳኑ ሮጠ። ሽማግሌው ማንንም አላመሰገኑም፤ እያንዳንዱ አጥር ጋ ቆመው አንዲት ቃል ሳይቀንሱ ያንኑ ይናገራሉ። አልሰማሁም የሚል ሰው እንዳልነበረ እኔ ምስክር ነኝ፤ እያለቀስኩ ነበር የምከተላቸው።

ዳኛው ቤት ስንደርስ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ካፖርታቸውን በፒጃማቸው ላይ ደርበዋል።

«ምነው አባቴ፣ እርስዎ ራስዎ?» አሉ። «ተነግሮ የለም እንዴ?»

«ተነግሯል፣ ጌታዬ» አሏቸው ሽማግሌው። «ሳይሰሙ እንዳይቀሩ ብዬ ነው።»

ዳኛው ጃንጥላ ላምጣ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ሽማግሌው ግን አልጠበቋቸውም፤ ገና ያልደረሱበት ብዙ በር ነበር።