የማይደርቀው ቀለም

የቀባችሁት ቀለም አራት ቀን ሙሉ አልደርቅ ብሏችሁ ያውቃል? በእኔ ደርሷል፤ ያውም በነሐሴ ፀሐይ፣ ጀርመን አገር ሮደልሃይም በሚባል የከተማ ሰፈር፣ አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ግቢ ውስጥ።

ከመጀመሪያው ላስረዳ። የመጀመሪያ የመምህርነት ሥራዬን ያገኘሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ በሚገኝ መንደር ነው። የጠዋቱ አውቶቡስ እዚያ የሚደርሰው አንደኛው ክፍለ ጊዜ ከተጋመሰ በኋላ ስለሆነ፣ መኪና ከሌለኝ ሥራው የለም። ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ፣ መንዳት ካቆሙ ወዲህ ግቢያቸው የቆመውን ፎርዊል ሰጡኝ። ከሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሄደ፣ ከበሮቹ ሥር ዝገት የበላው መኪና ነው። የመኪና ምርመራው ቴርሚኔ፣ ማለትም ቀጠሮዬ፣ ሰኞ ነበር። ካላለፈ ሌላ መግዛት አልችልም።

ሦስት ሆነን መኪናውን ማደስ ጀመርን። ጋሼ፣ ማለትም ጎረቤቴ፣ ሠላሳ ዓመት ቤት ሲቀቡ ኖረዋል። ጓደኛዬ የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነው። እኔ ደብተር ያዝኩ። ሰንጠረዥ አሰመርኩ፦ ሥራው፣ ቀኑ፣ አልቋል ወይስ አላለቀም። ማን ምን እንደሚሠራ ግን አልጻፍኩም። አባቴ የሚሆኑ ሰው ስም አጠገብ ትእዛዝ መጻፍ ከብዶኝ ነው። ጋሼ ረፋዱ ላይ ይወርዳሉ፣ እኔ ቀትር ላይ እመጣለሁ፣ ጓደኛዬ ከሥራ ሲወጣ ይደርሳል። ፍሬኑን ወዲያው ጨረሰው። የቀረው ዝገቱ ነበር።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ስመጣ ከበሩ ሥር ያለው ብረት ጥቁር ተቀብቷል። በጣቴ ነካሁት፤ እርጥብ ነው። «አልደረቀም» ብዬ ጻፍኩ። ረቡዕም እርጥብ ነው፤ ሐሙስም እንዲሁ። የቀለሙ ጣሳ ላይ በአራት ሰዓት ውስጥ ይደርቃል ይላል። ዓርብ ዕለት ጣቴ እንደገና ሲጠቁር ምክንያት አገኘሁለት። ወንዙ ቅርብ ነው፣ እርጥበቱ ከታች ይነሳል፣ ብረቱ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ይህን ለጋሼ ደረጃ ላይ አግኝቼ በደንብ አስረዳኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለጓደኛዬም አመሻሽ ላይ ጠብቄ አስረዳሁት። ጫማውን እያየ ሰማኝ፤ እስክሄድለት ድረስም ሥራ አልጀመረም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መጣሁ። ቀለሙን ከሥሩ ልከታተለው ፈልጌ ነበር። ጋሼ ምንጣፍ ላይ በጎናቸው ተኝተው ባዶ ብረት ይቀባሉ። ትናንት እርጥብ የነበረው ቀለም የለም።

«ይረግፋል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በየቀኑ ይረግፋል። ሠላሳ ዓመት ስቀባ የረገፈብኝ የለም። እጄ ከዳኝ መሰለኝ። ለሰው ምን ብዬ ልናገር?»

የወንዙን ነገር ልደግምላቸው ስል ጓደኛዬ መዶሻውን ይዞ ገባ። ብሩሹን አየ፣ ጋሼን አየ።

«ጋሼ፣ በየማታው ቀለሙን የምፍቀው እኔ ነኝ» አለ። «ዝገት ላይ ከተቀባ መርማሪው ያገኘዋል። እርስዎን ደግሞ እንዴት አድርጌ ተዉ ልበል?»

«አንተ ልጅ አፍ የለህም?» አሉና እዚያው እንደተኙ ሳቁ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ይኼ ደግሞ በወንዝ ያላክካል።»

ጓደኛዬ በመዶሻው ብረቱን ሁለቴ መታ መታ አደረገው። በሦስተኛው መዶሻው ብረቱን በስቶ ገባ። ጋሼ ቀዳዳውን በእጅ መብራት አዩት። «ለካ የምቀባው አየር ነው» አሉ በመጨረሻ።

እሑድ ድምፅ ማሰማት ስለማይፈቀድ ጓደኛዬ ቀዳዳውን ቅዳሜውኑ በይዶ መጨረስ ነበረበት፤ ጨረሰ። እሑድ ጠዋት ጋሼ ቀቡት። አመሻሽ ላይ ሄጄ ብነካው ጣቴ ንጹሕ ነው።

ሰኞ መርማሪው የመታው በሌላው ጎን በኩል ያለውን ብረት ነው። የእኛን ዞር ብሎም አላየውም። መኪናው አለፈ። ለምን እዚያ እንደመታ፣ እዚህ ለምን እንደተወ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ክፍል ውስጥ ያልገባኝን የማስረዳት ልማዴም ገና አልለቀቀኝም።

ግን በየጠዋቱ በመኪናው ኮረብታውን እወጣለሁ። እናንተም ከሰው ጋር አንድ ሥራ ስትጀምሩ ሰንጠረዣችሁ ላይ «ማን?» የሚል ዓምድ ጨምሩና በዕድሜ ታላቃችሁ የሚሠራውን ራሱን ጠይቃችሁ ከስሙ አጠገብ ጻፉ። እስቲ ሞክሩት።