ሠዓሊው ጠሃና የዳቦ ጋጋሪው ፊልም

ጠሃ ከኮምቦልቻ መቀሌ የመጣው በሃያ ዓመቱ ግንበኛ ሊሆን ነበር። እጁ ግን ከድንጋይ ይልቅ ብሩሽ ለመደና በዓመቱ የከተማው ሲኒማ ቤት ማስታወቂያ ሠዓሊ ሆኖ አረፈው። ያኔ ከተማውን ያስለቀሰ አንድ የጣሊያን ፊልም ነበር፤ በጦርነት መሀል ለመንደሩ ዳቦ የሚጋግር ሰውዬ ታሪክ። ሕዝቡ እየተጋፋ ሦስት አራቴ አየው። በሲኒማ ቤቱ በር ላይ የተሰቀለውን ትልቁን የፊልሙን ማስታወቂያ ሸራ የሣለው ጠሃ ነው።

ዘንድሮ ፊልሙ ሃምሳ ዓመት ሞላው። እንዳ ኢየሱስ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ የምታስተምር ለተመድህን የምትባል መምህርት ለዚሁ መታሰቢያ ዐውደ ርእይ ልታዘጋጅ ተነሳች። ሸራው በጠሃ ቤት ተጠቅልሎ መቀመጡን ሰምታ እሱ የሚኖርበት ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ድረስ መጣች።

"ኣያ ጠሃ፣ እርስዎ ካላደሱት ማን ያድሰዋል?" አለችው። ዐውደ ርእዩ ዓርብ ይከፈታል ተባለ።

ሰኞ ለዐውደ ርእዩ ከሮም ይመጣሉ የተባሉት የፊልሙ ፎቶግራፎች ቀሩ። ለተመድህን አውሮፕላን ማረፊያ ብትሄድ በሩ ተዘግቶ ጥበቃው ብቻ ቆሟል። "በረራ የለም። እስከ መቼ እንደሆነ አልተነገረንም" ብሎ መለሳት።

የጠሃ ሚስት ሁሪያ ይህን ስትሰማ የምትከትፈውን ሽንኩርት አስቀመጠች።

"ያን ጊዜ ጦርነቱም በዚሁ ነው የጀመረው። መጀመሪያ አውሮፕላኑ፣ ቀጥሎ ስልኩ፣ ከዚያ መንገዱ። አውቶቡስ ሳለ ደሴ እህቴ ዘንድ እንሂድ።"

"ዓርብ ይለፍና።"

"ዓርብን ማን አየው?"

"የዳቦ ጋጋሪው ፊት አላለቀም፣ ሁሪያ። ቃል ገብቻለሁ።"

ሽንኩርቷን መልሳ መክተፍ ጀመረች። ጠሃም ይህን እንደ እሺታ ቆጠረው።

ቀኑን ሙሉ ይሥላል። የነዳጅ ሰልፉ በየዕለቱ እየረዘመ ደጁን አልፎ ሄደ፤ ጎረቤቱ ልጆቹን መኪና ላይ ጭኖ ከከተማው ወጣ። ጠሃ ቀና ብሎ ያያል፣ መልሶ ብሩሹን ይነክራል። ፈርቶ ነበር፤ ሥራው ላይ ሲያቀረቅር ግን ይረሳዋል።

ዓርብ ከሰዓት በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሠላሳ የማይሞላ ሰው ተገኘ። ፎቶ የሚጠብቁት ክፈፎች ባዷቸውን ተሰቅለዋል፤ የጠሃ ሸራ ግን ግድግዳውን ሞልቶታል። ድሮ የሲኒማ ቤቱ ትኬት ቆራጭ የነበረው ገብረዝጊ ሲያየው ዕንባው መጣ።

"ጠሃ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ልክ እንደ ድሮው ነው!" አለና እጁን ጨበጠው። ጠሃ ልቡ ሞላ።

ለተመድህን ንግግሯን ጀምራ ሳለ አንዲት ሴት ስልኳን ከጆሮዋ አውርዳ አየችው። ከጎኗ ያለው ሰው የራሱን አወጣ። ከዚያ ሁሉም አወጡ።

"የእናንተስ ይሠራል?"

የማንም አይሠራም። ሰዎቹ አንድ በአንድ፣ ይቅርታ እንኳ ሳይሉ ወጡ። ለተመድህን ወረቀቷን አጠፈች።

ጠሃ ሸራውን ሳያወርድ ወደ ቤቱ ሮጠ። ሁሪያ ሻንጣ አስራ ጠበቀችው። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ ደረሱ። ሰው እንደ ጉድ ተሰብስቧል፤ አውቶቡስ ግን አንድም የለም።

"የመጨረሻው ትናንት እኩለ ቀን ላይ ወጣ፤ አሁን መንገዱ ተዘግቷል" አላቸው ተራ አስከባሪው።

እኩለ ቀን ላይ ጠሃ የዳቦ ጋጋሪውን ዐይን እየቀባ ነበር።

ሁሪያ ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ አልጮኸችም። ሻንጣውን ከእጁ ተቀበለችና "ፋርማሲዎቹ ሳይዘጉብን የደም ግፊት መድኃኒትህን እንያዝ" ብላ ቀደመችው። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

የመጀመሪያው ፋርማሲ ዘግቷል። በሁለተኛው ፋርማሲ በር ላይ የተጀመረው ሰልፍ መንገዱን ተሻግሮ ነበር። ሻንጣቸውን ይዘው ከኋላው ቆሙ።