ከዝርዝሩ ጀርባ

ባለፈው ሳምንት ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ካለ ፋርማሲ የወንድሜን የሞርፊን ሽሮፕ ስቀበል፣ ልጅቷ መዝገብ ዘርግታ «ማዘር፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» አለችኝ። የድሮ ፊርማ ትዝ አለኝና ብዕሩን ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ ሰው ሲያጉረመርም ነው የፈረምኩት።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ወሎ ሰፈር እንኖር ነበር። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። በዚያ ክረምት ለሰፈሩ እናቶች ፊደል ስለማስቆጥር፣ ብዕር ከያዝኩ የሚያቅተኝ ነገር ያለ አይመስለኝም። ታላቅ ወንድሜ ጥበቡ ኦጋዴን ላይ እግሩን ቆስሎ ወራት ሆስፒታል ተኝቷል። የሞርፊን መርፌው ሲቆም ኮዴይን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ሰጡት፤ እግሩ ድኖም ኪኒኑን መተው አቃተው። በዚህ መሀል ታሰረ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም።

ስንቅ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ከስንቁ ጋር የዕቃ ዝርዝር ይገባል፤ እስረኛው ከጀርባው ፈርሞ ይመልሰዋል። ሌላ ደብዳቤ ክልክል ነው። ያቺን ዝርዝር አሳምሬ ስጽፍ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ አሁን ያሳፍረኛል። የጥበቡ ፊርማ ግን ዶሮ የጫረው መስሎ መጣ። ከዚያው የተፈታ ጎረቤታችን፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የእስር ቤቱ ሐኪም ወባ ነው ብሎታል ሲል ነገረን።

እማዬ ኪኒኑ ተቋርጦበት መሆኑ ገባት፤ ጥበቡ ፍራሹ ሥር ካስቀረው ኮዴይን ጥቂቱን ወቅጣ ከበሶ ጋር ለወሰችና ጭብጦ አደረገችው።

እስር ቤቱ በር ላይ ምግቡን ያመጣ ሰው ይቀምሳል። ከዳር ቆንጥሬ አፌ ውስጥ ጣል አደረግሁ። ሽማግሌው ጠባቂ ሣቀ።

«ይሄ ቅምሻ ነው? እንደ ሰው ጉረሺ እንጂ። ወይስ የማይበላ ነው ያመጣሽለት?»

ጎረስኩ። ይመራል። አንዱን ጭብጦ እስክጨርስ ቆሞ አየኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ሰውነቴን ሞቅ አለኝ። ዝናብ ይወርዳል፣ ጫማዬ ርሷል፤ ምንም አልገደደኝም። የጥበቡ መታሰር እንኳ አላስጨነቀኝም። መውረጃዬን አልፌ ቦሌ ድረስ ሄድኩ። ሲለቀኝ ነው የፈራሁት።

ቤት ገብቼ የቀሩትን ኪኒኖች ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት ናቸው። «እማዬ፣ ይሄ ሲያልቅስ?» አልኳት። ለሐኪሙ እውነቱን እንጻፍለት አልኩ።

«ሱሰኛ ነው ብለሽ በገዛ እጅሽ ልትጽፊበት?»

እኔም ፈርቻለሁ። በዚህ ሰበብ ቢደበድቡትስ? ቢሆንም በሚቀጥለው ዝርዝር ላይ፣ ከሳሙናውና ከፎጣው ሥር፣ «አሥራ አራት ኮዴይን» ብዬ ጨመርኩ። ቀጥዬም፦ «ለሐኪሙ። ወባ አይደለም። ለቁስሉ የታዘዘለት መድኃኒት ስለተቋረጠበት ነው። ጥቂት በጥቂት ይቀነስለት።»

በዚያ ሳምንት ወረቀቱ አልተመለሰም። እማዬም አላነጋገረችኝም። በሚቀጥለው ስሄድ ጠባቂው ቀና ብሎ ሳያየኝ ሰጠኝ። ከጀርባው የጥበቡ ጭረት አለ፤ ከሥሩ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ፣ «አሥራ አራቱ ደርሶኛል። እየቀነስኩ እሰጠዋለሁ።»

መስቀል ሲቃረብ የጥበቡ ፊርማ መስመሩን ይዞ መሄድ ጀመረ።

ዛሬ ካንሰር ይዞታል። የሞርፊኑን ጠርሙስ ሳሳየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አመሻሽ ላይ ሕመሙ ሲበረታበት ግን «ጻፊው» አለኝ። ሰዓቱን፣ መጠኑን ዘርዝሬ ጻፍኩለት። ወረቀቱን ገለበጠና ከጀርባው ፈረመ። እንደገና ዶሮ የጫረው መሰለ። ሽሮፑን አጠጣሁት። ያኔ እጁ እስኪረጋ ነበር የምጠብቀው፤ አሁን የምጠብቀው እንቅልፍ እስኪወስደው ነው።